የግርጌ ማስታወሻ

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለበት፣
ዕጣ የሰጠኝ ቤት፣
መጻሕፍቴን በዘጠኝ ማዳበሪያ አሸክሜ የገባሁበት።
ተሸካሚው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ማዳበሪያውን ጣለ፣
«ጋሼ፣ ጤፍ እንኳ እንዲህ አይከብድ፤ ምንድን ነው ይሄ?» አለ።
ምን ልበለው?
የሞቱ ጳጳሳት ሙግት ነው፣ የእስክንድርያ፣ የአንጾኪያ፣
አንዲት ፊደል ትግባ ትውጣ ሲሉ የተካሰሱበት ገበያ።
«መጽሐፍ ነው» አልሁት።
«ሁሉም?»
ሁሉም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ከነሱ ጋር አድሬ፣ ከነሱ ጋር ነቅቼ፣
ግሪኩን በመነጽር፣ ሱርስቱን በጥርጣሬ፣ ግእዙን በፍቅር ፈትቼ፣
ሚስቴ «ካንተ ጋር ስንት ጳጳስ ነው ያገባሁ?» እስክትል
ዓይኔን ለብራና ሰጥቼ፣
የያዝሁት ጥያቄ አንድ ነው፦ የጥንቱ የዛሬውን ምን ይለዋል?
በጉባኤ ሲጠይቁኝ ቀላል ነው፤ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል፣
በፕሮጀክተር ይታያል፣ ይጨበጨብለታል፣
ከዚያ ምሳ ይበላል።

ውሃ ግን በፈረቃ ነው፤ ማክሰኞ ሌሊት፣ ወይ ሐሙስ፣
ሲመጣም ከታች ካለው ቦኖ እንጂ እኔ ዘንድ አይደርስ።
ጀሪካኔን ይዤ ተሰለፍሁ። ከፊቴ ትርንጎ ነበረች፣
የብሎካችንን ልብስ የምታጥብ፤ ሰላምታዬን በአንገቷ ተቀበለች፣
ቆይታ፣ ጀሪካኗን በእግሯ እየገፋች፣
«መምህር ማስረሻ፣ የጥንቱን ያውቃሉ አሉ፤ ልጠይቅዎ?» አለች።
«ልጄ በሠላሳ አንድ ቀኑ ነው ያረፈ። ለአርባው ዘጠኝ ቀረው።
ክርስትና አልተነሣም፣ ፍትሐት አይገባውም አሉኝ፤ ከአጥር ውጭ ቀበርነው።
የጥንቶቹ ምን አሉ? አሁን የት ነው?»

ከኋላዬ አንዱ «ኧረ ተራ!» ብሎ ጮኸ።
አውቅ ነበር እኮ።
አንዱ ጨካኝ ነው፣ አንዱ ይለሰልሳል፣ አንዱ ዝም ይላል፤
ሦስቱንም በገጽ ቁጥር አውቃቸዋለሁ፤ የትኛው ጀሪካን ይሞላል?
«ልይልሽ» አልኋት።

መብራት ጠፍቷል። በስልኬ ብርሃን ማዳበሪያ ፈታሁ፣
እስከ ዶሮ ጩኸት ከአበው አበው ዞርሁ፤ እንደ ለማኝ ደጅ መታሁ።
መጨረሻ ላይ የራሴን መጽሐፍ ገለጥሁ፣ ያን የተሸለምሁበትን፣
ስለ ሕፃናት የሚናገረውን ድርሳን፣ የብራናውን ፎቶ ያተምሁበትን።
ሰባተኛው መስመር መሐል ሦስት ቃላት ደብዝዘዋል፤
ከግርጌ የኔ ማስታወሻ፣ ቁጥር ሁለት መቶ አራት፣ እንዲህ ይላል፦
«እርጥበት ያበላሸው። የማይነበብ።»

ጠዋት ደረጃው ሥር አገኘኋት፤ የሰው አንሶላ ትጨምቃለች።
ፎቶውን አሳየኋት። ፊደል አትቆጥርም፤ እጇን በቀሚሷ አበሰች፣
የደበዘዘውን በጣቷ፣ ሳትነካው፣ ከበበች።
«ይሄን ምን ነካው?»
«ዝናብ ይሆናል፤ ጣሪያው አፍስሶ።»
«ዝናብማ ገጹን ሁሉ ነው የሚመታ። ይሄ ሰው ነው፤ አልቅሶ።
ልጅ ሞቶበት ነው የጻፈው።»
ሌላ ምስክር አልጠራች።
አንሶላውን አንዴ ጠመዘዘች፣
ቀና ብላም አየችኝ፦
«ማስረሻ አይደል ስምዎ?
ማንን ሊያስረሱ ተወለዱ? ከርስዎ በፊት ማን ሞቶ ነው?»

ስድሳ ሁለት ዓመት በዚህ ስም ተጠርቻለሁ፤ ፈርሜበታለሁ፤
በመጽሐፍ ጀርባ በወርቅ ቀለም አትሜዋለሁ፤
የጳጳሳትን ስም ሥር በሦስት ቋንቋ ስቆፍር ኖሬያለሁ።
እናቴን ግን አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።
ሰንዳፋ ተቀብራለች፣ አጥር ውስጥ።
ያ ከኔ በፊት የነበረው
ውስጥ ይሁን ውጭ፣
የምጠይቀው ሰው የለም።

ጥያቄዋን አልመለስሁም፤ እሷም ደግማ አልጠየቀችኝ።
እሑድ በቆርቆሮው ቤተ ክርስቲያን እንዳስተምር ተለምኛለሁ፤
ርእሱ «አበው ለዘመናችን»፣ ሃያ ደቂቃ፤
ምን እንደምል አላውቅም።

ማታ እርሳስ ቀረጽሁ። ቁጥር ሁለት መቶ አራትን ፈልጌ አገኘሁ፣
«እርጥበት ያበላሸው» ከሚለው ጎን
«ወይም» ብዬ ጻፍሁ፣
ቀጥሎ ያለውን ባዶ ተውሁ።
ከታች ጀሪካን መደርደር ተጀምሯል።